የሚያነክሰው የግድግዳ ሰዓት

ሰዓት ሠሪው ሻይ ላይ ስኳር አይጨምርም፤ ስኳር ላይ ነው ሻይ የሚጨምረው። ይህን የሚለው ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው ነው። ጫማ ሰፊው ደግሞ ወሬን በሦስት ካላበዛ ምሳው የማይፈጭለት ሰው ስለሆነ፣ ያለው ሁሉ እንዳለ አይወሰድም። በዚህኛው ግን ብዙም አላጋነነም። ሰዓት ሠሪው ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ስድስት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል፤ ሾርባ ሲቀርብለት ገና ሳይቀምስ የጨው ዕቃውን ይገለብጥበታል፤ ከሁለቱ በተረፈው ጊዜ ይቆጣል። አንድ ቀን «እርግጠኛ ነህ ይሄ ሰዓት ይሠራል?» ያለው ደንበኛ ላይ ሲጮህ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሃያ ሦስት ሰዓቶች ደንግጠው ለአንድ ደቂቃ ቀጥ አሉ ይባላል። ይባላል ማለት ጫማ ሰፊው ይላል ማለት ነው።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖረና፣ ስልሳ ሁለት ሲሞላው ቀኝ ዓይኑ ደመነበት። ማጉያውን የሚሰካበት፣ ልጅ ያሳደገበት ዓይን። መጀመሪያ ማጉያው የቆሸሸ መስሎት ወለወለው። ቀጥሎ አምፖሉን ቀየረ። ቀጥሎ ወንበር ላይ ወጥቶ የሱቁን መስኮት አጠበ። አብራው የምትኖረው ልጁ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ከደጅ ቆማ አየችውና፣

«አባዬ፣ አሁን የቀረህ ፀሐይዋን መወልወል ነው» ብላ እጁን ይዛ ዓይን ሕክምና ወሰደችው።

ዶክተሩ በትንሽ መብራት አየው። «ሞራ ነው። ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ይወጣል» አለ። ሰዓት ሠሪው ደስ ብሎት ኮፍያውን ሊያደርግ ሲል ነርሷ ክንዱን በደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ጠቀለለችና መንፋት ጀመረች። መቶ ሰማንያ ሁለት።

ዶክተሩ ቁጥሩን አይቶ ብዕሩን አስቀመጠ። «በዚህ ግፊት ዓይንዎን አንነካም። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም እዚህ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ የዛሬ ሰባት ሳምንት። እስከዚያ የላይኛውን ቁጥር ከመቶ ሃምሳ በታች ካወረዱ ስምዎ ከወረፋው አይወጣም። ካልሆነ ለመጪው ዓመት ነው።»

መጪው ዓመት። ሰዓት ሠሪው በቀኝ ዓይኑ የራሱን እጅ እንኳ በጉም ውስጥ ነው የሚያየው። የግራው ዓይንም ሰሞኑን መድመን ጀምሯል። ዓመት መጠበቅ ማለት ሱቁን መዝጋት ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

ነርሷ በወረቀት ጻፈችለት፤ ወረቀቱን ማንበብ እንደማይችል ትዝ ሲላት ደግሞ በቃሏ ደገመችለት። «ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ይውሰዱ። ጨው ይቀንሱ፣ ስኳር ይቀንሱ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ደግሞ አይናደዱ።»

«አይናደዱ?»

«አዎ አባቴ።»

«እሱ በቀን ስንት ፍሬ ነው የሚዋጠው?»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። ሰዓት ሠሪው ግን የሚቀልድበት ልብ አልነበረውም፤ ከገባ ጀምሮ ጆሮውን የሚበላው ነገር ነበር። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ የሚወዛወዝ ፔንዱለም ያለው አሮጌ ሰዓት ተሰቅሏል። ቀጭ-ቋ ይልና ዝም ይላል፤ ቀጭ-ቋ ይልና ዝም። አንድ እግሩ እንዳጠረ ሰው።

«ሲስተር፣ ይሄ ሰዓት ያነክሳል።»

«አሁን የምንለካው እርስዎን ነው።»

«የማርሹ ጥርስ ተበልቷል። ለእኔ ቢሰጡኝ…»

«አባዬ፣ ተነሥ» አለች ልጁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የስኳሩ ቆርቆሮ ከቤት ጠፋ። የጨው ዕቃውም ተከተለው። ልጁ ኩሽናው በር ላይ ሠንጠረዥ ለጠፈች፤ ኪኒን፣ እርምጃ፣ ሻይ፣ ቁጣ። ቁጣ በሚለው ሥር በየቀኑ ምልክት ይደረጋል። በመጀመሪያው ቀን ማታ ዘጠኝ ምልክት ነበረ፤ ከዘጠኙ ስድስቱ በሠንጠረዡ በራሱ ላይ የተቆጣው ነው።

በሁለተኛው ቀን ጨው የሌለው የድንች ሾርባ ቀረበለት። ቀመሰው። «ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ድንቹ የታጠበበት ውሃ ነው?» አለና ሳህኑን ገፋው። ሳህኑ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደርሶ ግማሹ አየር ላይ ቀረ።  ልጁ ሳህኑን አየች፤ እሱም አየው። ያ ሊወድቅ ያለ ሳህን ሠላሳ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበር። ከሾፌሩ ጋር ተጣልቶ በገባበት ምሽት ከእናቱ የቀረለትን የግድግዳ ሰዓት ወረወረው። በነጋታው አቅፎት ወደ አንዲት ጠባብ ሱቅ ሄደ። ሱቋ ቤንዚንና የማሽን ዘይት ትሸታለች። ትናንሽ መሳቢያዎች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው አንድ ቀጭን ሽማግሌ ማጉያውን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ተቀምጧል። ሰፈሩ አባ ዝግታ ይለዋል። አንድ ቀን ዝናብ እንዳይገባ በሩን ሊዘጋ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሰው አቧራው አስቸገረን እያለ ነበር ይባላል።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ?» አለ አባ ዝግታ።

«ወድቆ ነው አባባ።»

ሽማግሌው ሰዓቱን አገላበጠ። ጥግ ላይ የተለጠፈ አረንጓዴ ቀለም በጥፍሩ ፈቀፈቀ። «የቤትህ በር አረንጓዴ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ከግድግዳው ወርዶ፣ ክፍሉን አቋርጦ፣ በሩን አንኳኩቶ ነው የወደቀው።»

ቲኬት ቆራጩ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሰዓቱ በሳምንቱ ተሠራ። ቤት ወስዶ ሲሰቅለው ግን አነከሰ። መለሰው፤ አባ ዝግታ ጆሮውን ደግኖ አዳመጠና «ጤነኛ ነው» አለው። ወስዶ ሰቀለው፤ አነከሰ። ሦስተኛው ላይ ሱቁ በር ላይ ቆሞ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰበሰብ ጮኸ። አባ ዝግታ ጩኸቱ እስኪያልቅ ጠብቆ ኮፍያውን አደረገና «ቤትህን አሳየኝ» አለው። የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር፤ ጠዋት ወጥተው ለምሳ ነው የደረሱት። ሰዓቱ ሚስማሩ ላይ ተሰቀለ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ከዚያ በትንሿ ጣቱ የሰዓቱን ሥር ወደ ግራ ነካ አደረገው። ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ፣ ቋ። ሰዓቱ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ጤነኛ ነው ብዬህ ነበር። አሰቃቀልህ ነው የጠመመው።» በሩ ላይ ያለውን ስንጥቅም አየት አደረገና፣ «ከነገ ጀምረህ ና። አንተ ካልመጣህ የዚህ ሰፈር ሰዓት ሁሉ መውደቁ ነው» አለው።

ሄደ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ምንም ነገር እንዲጠግን አልተፈቀደለትም። ፀጉር የምታህል ሞላ በወረንጦ አንሥቶ ቦታዋ ማስቀመጥ ብቻ። እጁ ይቸኩላል፤ ሞላዋ ትፈናጠራለች፤ ወለሉ ላይ በጉልበቱ እየዳኸ ይፈልጋታል። አባ ዝግታ ቀና ሳይል ይናገራል። «እጅህ ሲቸኩል ወረንጦውን አስቀምጥ። ትንፋሽህን አውጣ። ሠላሳ ምት ቁጠር። አሁንም ከቸኮለ ሌላ ሠላሳ። ሞላዋ የትም አትሄድብህም። ማስቀመጫዋ ጋ ስትደርስ ብቻ ትንፋሽህን ያዝ።» ያችን ትንፋሽ ለመያዝ ሁለት ዓመት ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ግን ሳያስበው የሚያደርገው ነገር ሆነ፤ የታመመ ሰዓት ጆሮው ከገባ ሳንባው በራሱ ይቆማል።

ሰዓት ሠሪው ከሳህኑ ላይ ዓይኑን አነሣ። ከደረት ኪሱ ውስጥ የአባ ዝግታን የኪስ ሰዓት አወጣ፤ ሽማግሌው ሲሞት የቀረለት እሱና ሱቁ ነው። ጆሮው ላይ አድርጎ ሠላሳ ቆጠረ። ከዚያ ሳህኑን ሳብ አደረገና ሾርባውን ጠጣው። እስከ መጨረሻው መጥፎ ነበር።

«ምን ስትሠራ ነበር?» አለች ልጁ።

«ጨው ስጨምርበት።»

ስኳሩ ከጨው ይልቅ አስቸገረ። በሱቁ ውስጥ ጫማ ሰፊው በአሥር ሰዓት ሻይ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ልማድ ከሁለቱም ጋብቻ በዕድሜ ይበልጣል። በመጀመሪያው ቀን ሰዓት ሠሪው ስኳሩን እያየ ዘጠኝ ጊዜ ሠላሳ ቆጠረ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ጫማ ሰፊው እንደሚለው አንዲት ዝንብ ዋኝታ፣ ደርቃ፣ ደግማ ገባች። በመጨረሻ አምስት ማንኪያ ጨመረ። ከስድስት አንድ ቀነሰች። በሳምንቱ አራት፣ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት። ምላሱ እንደ ተቀየመ ዘመድ ኩርፊያ ላይ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ምን እየቆጠርክ ነው?» አለው ጫማ ሰፊው።

«ምት።»

«የምን ምት?»

«ያንተን ምላስ ልቆርጥ ስንት ምት እንደቀረኝ።»

የማታ እርምጃው የድሮውን የአውቶቡስ መስመር ተከትሎ ሆነ። አሁን አውቶቡሱ በዚያ አያልፍም፤ ዋናው ፌርማታ የነበረበት ቦታ የወንበርና የአልጋ መሸጫ ሆኗል። እሱ ግን በደበዘዘ ዓይኑ የድሮውን ከአሁኑ ይልቅ አጥርቶ ያያል። እዚያ ጥግ፣ የስልክ እንጨቱ ሥር፣ ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማር፣ ገና ሚስቱ ሳትሆን አውቶቡስ ጠብቃለች። «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብላ ጠየቀችው። ሰዓት አልነበረውም። «ለአንቺ ገና ነው» አላት። ሳቀች። በኋላ፣ በትዳራቸው፣ ሲቆጣ «መጣ፣ ጆሮህ ቀላ» ትለውና መስኮቱን ትከፍት ነበር፤ ቁጣው ይውጣ ብላ። ስልክ እንጨቱ ዛሬም አለ። እዚያ ሲደርስ ቆም ይላል፤ ትንፋሹን ያወጣል፤ ይመለሳል። ሠንጠረዡ ላይ የቁጣ ምልክት ከዘጠኝ ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አንድ ወረደ። አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ስላደረ ልጁ ታሟል ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።

በአራተኛው ሳምንት ለመለካት ሄደ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ነርሷ ጠቀለለችው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቀጭ-ቋ አለና ዝም። ቀጭ-ቋ አለና ዝም።

መቶ ስልሳ ስምንት።

«ስንት?» አለ።

«ወርዷል እኮ አባቴ። ሦስት ሳምንት አለን።»

ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ጨው የሌለው ሾርባ በሃያ ስምንት ቀን ተባዝቶ፣ የተቆጠረው ምት ሁሉ ተደምሮ፣ መቶ ስልሳ ስምንት። ቀጥታ ወደ ጫማ ሰፊው ሱቅ ሄደና የቆዳ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ሻይ አምጣ። ስድስት።»

ጫማ ሰፊው አየው። በዚህ አራት ሳምንት ውስጥ ያልቀለደበት ቀን የለም፤ ስኳር አፍንጫው ሥር ያላወዛወዘበት ቀን የለም። አሁን ግን ሻዩን ቀዳ፣ ስድስት ማንኪያውን እየቆጠረ ጨመረና ማንኪያውን ኪሱ ከተተ።

«ማማሰያውስ?»

«ማንኪያ የለም።»

«ኪስህ ውስጥ ነው።»

«እሱ የእኔ ነው። ካላማሰልከው ስኳሩ ታች ነው፤ እንዳለም እንደሌለም ቁጠረው። ከፈለግክ በጣትህ አማስለው፤ ትኩስ ነው።» ጫማ ሰፊው ወደ መርፌው ተመለሰና ቀስ ብሎ፣ ሳያጋንን፣ «ወንድሜ፣ አንተ ሱቅህን ብትዘጋ ይሄን ሁሉ ውሸት ለማን ነው የምነግረው?» አለ።

ሰዓት ሠሪው ብርጭቆውን ይዞ ተቀመጠ። ስኳሩ ሥሩ ላይ እንደ አሸዋ ተኝቷል። የኪስ ሰዓቱን አወጣ። ሠላሳ ቆጠረ። ሌላ ሠላሳ። ከላይ ከላይ ያለውን ሦስት ጊዜ ፉት አለና ብርጭቆውን ከነስኳሩ መለሰለት። ጫማ ሰፊው በኋላ ሲያወራው ብርጭቆው ሥር የቀረው ስኳር ለሠርግ ይበቃ ነበር።

ሰባተኛው ሳምንት ደረሰ። የመጨረሻው ቀን ኮሪደሩ ዓይኑን ሊታከም በመጣ ሰው ሞልቷል። ዶክተሩ ዝርዝሩን ይዞ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ልጁ ከኋላው ቆመች። ነርሷ ጠቀለለች፣ ነፋች፣ ለቀቀች።

«መቶ ስልሳ ስድስት» አለች።

ዶክተሩ ብዕሩን አነሣ።

«አንድ ጊዜ ዶክተር» አለች ነርሷ። ወደ ሰዓት ሠሪው ዝቅ አለች። «አባቴ፣ ለምንድነው ትንፋሽዎን የሚይዙት?»

«እኔ? አልያዝኩም።»

«ይዘዋል። ባለፈውም ይዘው ነበር፤ እኔ ሕመም መስሎኝ ነበር። ከኮሪደሩ ሲገቡ ደህና ይተነፍሳሉ። እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያቆማሉ። ያወጡና ደግመው ይይዛሉ።»

ሰዓት ሠሪው ራሱን አዳመጠ። ግድግዳው ላይ ቀጭ-ቋ አለ፤ ከዚያ ዝም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሳንባው ቆሞ፣ የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተጣብቀው፣ የሌለ ወረንጦ ይዘው አገኛቸው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ወንበሩ ላይ የተለካው እሱ አልነበረም፤ ያንን ሰዓት ሊጠግን የተዘጋጀ ሰዓት ሠሪ ነው።

«ሰዓቱ ነው» አለ። «ሲያነክስ እሰማውና…»

«ላውርደው?»

ማውረድ ብቻ አይደለም፤ ለእኔ ስጡኝ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ሊል አፉን ከፈተ። ጣቶቹ በልተውታል። ጆሮው ሲሞቅ ተሰማው፤ ቀልቶ እንደሚሆን አወቀ፤ መስኮቱን የምትከፍትለት ግን የለችም። ያኔ የአባ ዝግታ ድምፅ፣ ቀና ሳይል፣ ወረንጦውን አስቀምጥ አለው።

ሁለቱን ጣቶቹን አላቀቀ። መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ተይው ሲስተር። ያንክስ» አለ።

ዓይኑን ጨፈነና ቆጠረ። ሰዓቱ ዝም ባለ ቁጥር ትንፋሹን አወጣ። አሥር ላይ ሲደርስ ሰዓቱ የእሱ አለመሆኑን አመነ። ሃያ ላይ ስልክ እንጨቱ ሥር ቆሞ ነበር። ሠላሳን ጨርሶ ሌላ ሠላሳ ጀመረ፤ ነርሷ መቼ እንደነፋች አላወቀም።

«መቶ አርባ አራት።»

ልጁ ከኋላው ትከሻውን ያዘችው። ዶክተሩ ግፊቱን እሱ ራሱ ደግሞ ለካውና ስሙ ላይ ምልክት አደረገ።

ቀዶ ሕክምናው እንደተባለው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። በነጋታው ያው ክፍል፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነርሷ ፋሻውን ከዓይኑ ላይ ላጠችለት። ብርሃን ገባ። መጀመሪያ የነርሷን ፊት አየ፤ ከድምፅዋ በዕድሜ ታላቅ ነበረች። ቀጥሎ ልጁን አየ፤ እናቷን መስላለች። ቀጥሎ ከነርሷ ትከሻ በላይ ያለውን ግድግዳ።

ሰዓቱ ጠሟል። ማንም ሰው፣ ሕፃን እንኳ፣ በአንድ ዓይን ገልመጥ ቢል ይታየዋል፤ ሥሩ ወደ ቀኝ ሸሽቶ እንደተኛ ኮፍያ ጋደል ብሏል። ሰባት ሳምንት ሙሉ የማርሹ ጥርስ ተበልቷል ብሎ ለጫማ ሰፊው፣ ለደንበኛው፣ ለመንገደኛው ሁሉ አውርቷል። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጁ የሚያለቅስ መስሏት ቀረበች፤ እየሳቀ ነበር።

ተነሣ። በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ወደ ግድግዳው ሄደ። ልጁ አባቷ እንዲህ ሲራመድ አይታው አታውቅም። ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ የሰዓቱን ሥር ወደ ግራ ነካ አደረገው።

ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ፣ ቋ።

«ምን ነበር ችግሩ?» አለች ነርሷ።

«ጤነኛ ነው። አሰቃቀላችሁ ነው።»

ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ። ክንዱን የጠቀለለ፣ የሚነፋ፣ ቁጥር የሚጽፍ ማንም የለም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገና ጆሮውን ሰጠ።

«አባዬ፣ ጨርሰናል እኮ። እንሂድ» አለች ልጁ።

«ቆይ ልጄ፤ አሥራ ሰባት ላይ ነኝ።»